አንድ ፊልም፣ ሁለት ነጥብ፦ ተቺና ተመልካች ለምን ሆድና ጀርባ ይሆናሉ?

አዲስ ፊልም በወጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚነሳ ጭቅጭቅ አለ። ተቺዎች የሰጡት ነጥብ 90 ከመቶ ይላል። ተመልካቾች የሰጡት ግን 50 እንኳን አልሞላም። አንዳንዴ ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ተቺው ያጣጣለውን ፊልም ሕዝቡ ያሞግሰዋል። ከዚያ ጣት መቀሳሰር ይጀመራል። አንዱ ወገን «ተቺዎቹ ተገዝተዋል» ይላል። ሌላው «ተመልካቹ ፊልም አይገባውም» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም መልሶች ቀላል ናቸው። ቀላል ስለሆኑም በቶሎ ይዛመታሉ። ልዩነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተንኮልም ከድንቁርናም የመጣ አይደለም። የሚመጣው ቁጥሩ ከሚሰላበት መንገድ፣ ድምፅ ከሚሰጡት ሰዎች ማንነትና አስተያየቱ ከሚሰጥበት ሰዓት ነው። ሌላም ምክንያት አለ። «ፊልሙ እንዴት ነበር?» የምትለው አጭር ጥያቄ በውስጧ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይዛለች። ብዙ ተከራካሪዎች የሚጣሉት የተለያየ ጥያቄ እየመለሱ መሆኑን ሳያውቁ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ቁጥሩን እንፍታው።

መቶኛው የሚቆጥረው ሰው ነው

በዚህ ክርክር ውስጥ ስሙ በብዛት የሚነሳው ሮተን ቶሜቶስ የተባለው ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የጀመረው ሴን ዱዎንግ የተባለ የጃኪ ቻን ፊልሞች አፍቃሪ ነበር። ሐሳቡ የተለያዩ ተቺዎች ስለ አንድ ፊልም ያሉትን አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። ሥራው ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም። የነጥቡ ስሌት ድርጅቱ ራሱ ስለ ፊልሙ የሚያስበውን አያሳይም። የእያንዳንዱ ተቺ ጽሑፍ «ወደደው» ወይም «አልወደደውም» ተብሎ ይመደባል። ከዚያ ከመቶ ስንቱ እንደወደደው ይቆጠራል። 60 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ፊልም «ትኩስ» ይባላል። ከዚያ በታች የሆነው «የበሰበሰ» ነው።

ነገሩ የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። አሥር ተቺዎች አንድ ፊልም አዩ እንበል። ሁሉም «ደህና ነው፣ ክፉ አይደለም» ብለው ከአሥር 6 ሰጡት። ሁሉም በጥቂቱም ቢሆን ስለወደዱት የፊልሙ ውጤት 100 ከመቶ ይሆናል። አሁን ሌላ ፊልም እንውሰድ። ሰባቱ ተቺዎች ልባቸው ተነክቶ ከአሥር 10 ሰጡት። ሦስቱ ግን ተናደው 4 ሰጡት። የዚህኛው ውጤት 70 ከመቶ ነው። አማካዩን ብናሰላ ግን የመጀመሪያው 6፣ ሁለተኛው 8.2 ነው። ማለትም በመቶኛ ያነሰው ፊልም በአማካይ በጣም ይበልጣል።

ስለዚህ መቶኛው ስንት ሰው እንደወደደው እንጂ ምን ያህል እንደወደዱት አይነግረንም። «95 ከመቶ አግኝቷል» ሲባል ብዙ ሰው «ከመቶ 95 ያመጣ ጎበዝ ተማሪ» አድርጎ ይሰማዋል። ብዙ ጠብቆ ይሄዳል፤ የሚያየው ግን ደህና የተሠራ፣ ማንንም የማያስቀይም ፊልም ነው። ያኔ «ተታለልኩ» ይላል። ያታለለው ሰው ግን የለም። የቁጥሩን ትርጉም የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ በበኩሌ ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል። ማንንም የማያስከፋ ፊልም በዚህ ስሌት ይጠቀማል። ደፍሮ አዲስ ነገር የሞከረ፣ አንዱን ያሳበደና ሌላውን ያናደደ ፊልም ግን ይጎዳል። ለሲኒማ እድገት የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ነው።

ሌሎቹ መለኪያዎች ሌላ ነገር ይለካሉ። ሜታክሪቲክ የተቺዎችን ነጥብ ወደ 100 ለውጦ አማካይ ያወጣል፤ ለአንዳንድ ተቺዎች ድምፅም የበለጠ ክብደት ይሰጣል። አይኤምዲቢ ማንኛውም የተመዘገበ ሰው ከ1 እስከ 10 የሚሰጠውን ይሰበስባል። የሚያወጣው ቁጥርም ተራ አማካይ አይደለም፤ ማጭበርበርን ለመከላከል ሲባል ለድምፆች የተለያየ ክብደት ይሰጣል፣ ቀመሩንም ሙሉ በሙሉ አይገልጽም። የፊልም አፍቃሪዎች መድረክ የሆነው ሌተርቦክስድ ከግማሽ ኮከብ እስከ 5 ኮከብ ይጠቀማል። ከእነዚህ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር አስተያይቶ «ይኸው ተምታታባቸው» ማለት ኪሎን ከሜትር ጋር እንደማወዳደር ነው።

ድምፅ የሰጠው ማን ነው?

ተቺ ፊልም ማየት ሥራው ነው። የማይወደውን ዓይነትም ያያል። በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞችን ስለሚያይ የተለመደ ታሪክ ቶሎ ይሰለቸዋል። ጀግናው በመጨረሻ እንደሚያሸንፍ፣ የተጣሉት ፍቅረኞች እንደሚታረቁ ገና ከመጀመሪያው ያውቀዋል። ስለዚህ ለአዲስ ነገር የተለየ ቦታ አለው። በወር አንድ ፊልም የሚያይ ሰው ግን ይህ መሰልቸት የለበትም። ያው የታወቀው ታሪክ በደንብ ከተነገረለት ይደሰታል። ሁለቱም ስሜቶች እውነት ናቸው። የሚለያዩት ስንት ፊልም ካዩ በኋላ ወደ ወንበሩ እንደመጡ ብቻ ነው።

ተመልካቹ ደግሞ መርጦ ነው የሚገባው። ማስታወቂያውን አይቶ፣ ተዋናዩን ወዶ፣ ጊዜና ገንዘቡን መድቦ። ስለዚህ የተመልካች ነጥብ የሚመጣው «ይህን ፊልም እወደዋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ከገመተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ናን ሁ፣ ፖል ፓቭሉና ጂ ዣንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ገዢዎች ለመጻሕፍት፣ ለዲቪዲና ለቪዲዮ የሚሰጡትን ነጥብ ተመልክተው ነበር። ነጥቦቹ በመሃል አይከማቹም። ብዙው ከላይ ጫፍ፣ ጥቂቱ ከታች ጫፍ፣ መሃሉ ባዶ ነው። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው ይላሉ። አንደኛ፣ የሚገዛው አስቀድሞ የወደደ ነው። ሁለተኛ፣ ለመጻፍ የሚነሳው በጣም የተደሰተ ወይም በጣም የተናደደ ሰው ነው። «እንዲሁ ነው፣ ክፉም ደግም አይደለም» የሚለው አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

የዚህን ነገር ግልጽ ምሳሌ ሲኒማስኮር በተባለው ድርጅት ሥራ ላይ እናገኘዋለን። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ፊልም በተከፈተበት ምሽት ተመልካቾችን በወረቀት እየጠየቀ ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ማርክ ይሰጣል። በትምህርት ቤት ሲ ማለት መካከለኛ ነው። እዚህ ግን ሲ ያገኘ ፊልም እንደወደቀ ይቆጠራል። የተጠየቁት በመጀመሪያው ምሽት ተሽቀዳድመው የገቡ ሰዎች ናቸውና። እነሱ ካልወደዱት ማን ሊወደው? መለኪያው የሚነግረን ፊልሙ የተጠበቀውን መስጠት አለመስጠቱን ነው። አስፈሪ ፊልሞች እዚህ ላይ ዝቅ ያለ ማርክ ማግኘታቸው የተለመደ ነው። ሰውን ማስጨነቅ ሥራቸው ስለሆነ፣ ሥራቸውን በደንብ ሲሠሩ እንኳን ሰው ተረብሾ ነው የሚወጣው።

የመጀመሪያው ድምፅ ሌላውን ይጎትታል

አንድ ፊልም አይተን ስንጨርስ የብዙዎቻችን እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል። ሌላው ሰው ምን አለ? ነጥባችንን የምንሰጠው የሌሎችን ካየን በኋላ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚጫነን የሚያሳይ ሙከራ አለ። ሌቭ ሙችኒክ፣ ሲናን አራልና ሾን ቴይለር በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳትመውታል። ተመራማሪዎቹ አንድ የዜና ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ከ100 ሺህ በላይ አስተያየቶችን ወሰዱ። ለአንዳንዶቹ ገና ሲለጠፉ፣ ይዘታቸውን ሳያዩ፣ አንድ የድጋፍ ድምፅ ጨመሩላቸው። ያቺ አንዲት ድምፅ የመጨረሻውን ውጤት በአማካይ በ25 ከመቶ ከፍ አደረገችው።

ሙከራው በፊልም ላይ አልተደረገም። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ፊልም ማምጣት አይገባም። ጎተታው ግን እንግዳ ነገር አይደለም። በጣም የሚገርመው ሌላው ግኝት ነው። በሐሰት የተጨመረ የተቃውሞ ድምፅ ያን ያህል አልሠራም፤ ሌሎች ሰዎች ገብተው ሚዛኑን መለሱት። ሰው ያለ አግባብ የተወቀሰን ነገር ለመከላከል ይነሳል፤ ያለ አግባብ ሲሞገስ ግን አብሮ የማጨብጨብ ዝንባሌ አለው ማለት ነው።

አምራቾች ይህን በደንብ ያውቁታል። ለዚህም ነው ኢምባርጎ የሚባለው አሠራር ያለው። ኢምባርጎ ማለት ተቺዎች ፊልሙን ቀደም ብለው እንዲያዩ ይፈቀድላቸውና ሐሳባቸውን እስከ ተወሰነ ቀንና ሰዓት ድረስ እንዳያወጡ የሚደረግ ስምምነት ነው። አንዳንዴ በማኅበራዊ ሚዲያ አጭር «የመጀመሪያ ስሜት» መጻፍ ቀድሞ ይፈቀዳል፤ ሙሉው ሪቪው (የተቺው ጽሑፍ) የሚወጣው ከቀናት በኋላ ነው። ያ አጭር ስሜት የሚመጣው ከተጋበዙና ከምርቃቱ ድምቀት ሳይወጡ ከጻፉ ሰዎች ስለሆነ ብዙ ጊዜ ውዳሴ ነው። የመጀመሪያዋ ድምፅ ተጨመረች ማለት ነው። ሪቪው እንዲወጣ የተፈቀደው ፊልሙ ሊከፈት ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው «በፊልሙ አልተማመኑበትም» ብሎ ይጠረጥራል።

ዘመቻውና ገንዘቡ

«ሪቪው ቦምቢንግ» የሚለው ቃል የገባው በዚህ መሃል ነው። ሰዎች በቡድን ተነስተው፣ ብዙ ጊዜ ፊልሙን ሳያዩ፣ ዝቅተኛ ነጥብ የሚያዘንቡበት ዘመቻ ነው። ምክንያቱ ተዋናይዋ የተናገረችው ቃል፣ የአንድ ገጸ ባሕርይ ጾታ ወይም ዘር፣ የፖለቲካ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በ2019 ሮተን ቶሜቶስ ፊልም ሳይወጣ አስተያየት መጻፍን ያቆመው እንዲህ ያለ ዘመቻ ከበረታ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ትኬት መግዛታቸው የተረጋገጠላቸውን ተመልካቾች ድምፅ ለይቶ ማሳየት ጀመረ።

ማረጋገጫው ችግሩን አቃልሏል፤ አዲስ ጥያቄም አምጥቷል። ሮተን ቶሜቶስ የፋንዳንጎ ንብረት ነው። ፋንዳንጎ ትኬት ሻጭ ነው። የፋንዳንጎ ባለቤቶች ደግሞ ለብዙ ዓመታት ራሳቸው ፊልም የሚሠሩ ትልልቅ ኩባንያዎች ነበሩ። ይህ ብቻውን ነጥቡ ተጭበርብሯል ማለት አይደለም። ግን ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በ2023 ደግሞ አንድ የማስተዋወቅ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ብዙም ለማይታወቁ ተቺዎች እየከፈለ ሪቪው ያስጽፍ እንደነበር ተጋለጠ፤ ሮተን ቶሜቶስም ድርጅቱ ከሠራላቸው ፊልሞች አንዳንዶቹን ከዝርዝሩ አወጣ። ስለዚህ «ተገዝተዋል» የሚለው ክስ ከምንም የተነሳ አይደለም። ችግሩ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ይዞ ያልወደዱትን አስተያየት ሁሉ በዚያ መፈረጁ ላይ ነው።

በሌላ ወገንም ተመሳሳይ ስህተት አለ። ዝቅ ያለ የተመልካች ነጥብ በታየ ቁጥር «ዘመቻ ነው» የሚል ማስተባበያ ተለምዷል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ሰዎቹ ፊልሙን አይተው፣ ከልባቸው አዝነው ነው የጻፉት። ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ነጥቡ ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከጎረፈ፣ ሁሉም 1 ከሆነ፣ ጽሑፉም በፊልሙ ውስጥ ያለ አንድ ትዕይንት እንኳን የማይጠቅስ ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ የወረደና ከ3 እስከ 6 ባሉት ነጥቦችም የተበተነ ከሆነ ግን ያ ቅሬታ ነው፤ ሊደመጥ ይገባዋል።

ከአዳራሽ ሲወጡና ከዓመታት በኋላ

በቅርቡ ስላየነው ፊልም የምንሰጠው አስተያየት የራሱ ጠባይ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ሰው ያለፈበትን ነገር ሲያስታውስ በጣም የበረታውን ቅጽበትና አጨራረሱን እንደሚያጎላ በ1990ዎቹ በተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። ፊልም ላይ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ሰዓት ያዝናናን ፊልም መጨረሻው ከተበላሸ «የማይረባ» ይባላል። ግማሽ መንገድ ያስቸገረን ፊልም በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ካስለቀሰን ደግሞ 5 ኮከብ ይወስዳል።

ጊዜ ሲያልፍ የሚሆነውን ለማየት ከሳይት ኤንድ ሳውንድ የተሻለ ማስረጃ የለም። ይህ የብሪታንያ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የዓለም ተቺዎችን «ከሁሉ የሚበልጡት ፊልሞች የትኞቹ ናቸው?» እያለ ይጠይቃል። ሲቲዝን ኬን ከ1962 እስከ 2012 ድረስ አንደኝነቱን ያዘ። በ2012 ግን ቨርቲጎ በለጠው። ቨርቲጎ በ1958 ሲወጣ የተጻፉለት ሪቪውዎች የተደበላለቁ ነበሩ። በ2022 ደግሞ ከ1,600 በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡና አንደኛ የሆነው የሻንታል አከርማን ዣን ዲልማን ነው፤ በ1975 የተሠራ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚረዝም፣ አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ስትሠራ በትዕግሥት የሚያሳይ ፊልም።

ፊልሞቹ አልተለወጡም። የተለወጡት ተጠያቂዎቹ ናቸው። በ2022 የተጠየቁት ሰዎች ቁጥር በ2012 ከነበረው በእጥፍ ገደማ ስለጨመረ ውጤቱም ተለወጠ። አንዳንዶች ይህን እንደ ማረም ያዩታል፤ ለረጅም ጊዜ ያልተጠየቁ ሰዎች ተጠየቁ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የዘመኑ ፋሽን ነው ብለው ይከራከራሉ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይቀበላሉ፦ ዝርዝሩ ስለ ፊልሞቹ የሚናገረውን ያህል ስለ መራጮቹም ይናገራል።

ሕዝቡም እንዲሁ ሐሳቡን ይለውጣል። ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን በ1994 ሲከፈት ትኬቱ ወጪውን እንኳን አልመለሰም ነበር። ለ7 ኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም። ቆይቶ በኪራይ ቪዲዮና በተደጋጋሚ የቴሌቪዥን ስርጭት ሰው ዘንድ ደረሰ። ከ2008 ጀምሮ በአይኤምዲቢ የተመልካቾች ዝርዝር አናት ላይ ተቀምጧል።

ስፖይለር ጉዳት አለው ወይ?

ስፖይለር ማለት ፊልሙን ላላየ ሰው የታሪኩን ቁልፍ፣ በተለይ መጨረሻውን፣ መንገር ነው። እንደ ነውር ይታያል። በ2011 ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች አጫጭር ታሪኮችን ለሰዎች አስነብበው፣ መጨረሻውን አስቀድመው ያወቁት የበለጠ እንደተደሰቱ አገኙ። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ግን ተቃራኒውን አሳይተዋል። ነገሩ አላለቀም። ደግሞም አጭር ልቦለድ ማንበብና ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ አንድ አይደለም። ለጨዋታ የሚበቃው ደንብ ቀላል ነው፤ ያላየው ሰው ካልፈለገ አይነገረው። ታሪኩን ሳይነኩ ስለ ትወናው፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ አቀራረጹ ብዙ ማውራት ይቻላል። እንዲያውም ስፖይለርን በጣም መፍራት ወሬውን ሁሉ «ምን ሆነ?» ላይ አጥብቦታል። «እንዴት ተሠራ?» የሚለው ተዘንግቷል።

ሦስቱ ጥያቄዎች

አሁን ወደ መጀመሪያው እንመለስ። «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ሲባል አንዱ «ወደድኩት ወይ?» ለሚለው ይመልሳል። ይህ የስሜት ጉዳይ ነው፤ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ሌላው «በደንብ የተሠራ ነው ወይ?» ለሚለው ይመልሳል። ይህ ማስረጃ ይፈልጋል፤ የትኛው ትዕይንት፣ የትኛው ንግግር፣ የትኛው ቆረጣ? ሦስተኛው «አንተ ብታየው ትወደዋለህ ወይ?» ለሚለው ይመልሳል። ይህ ደግሞ የሚጠይቀውን ሰው ማወቅ ይፈልጋል።

አንድ የኮከብ ነጥብ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሊመልስ አይችልም። በደንብ የተሠራ ሆኖ የማንወደው ፊልም አለ። ጉድለቱን ሁሉ እያወቅን የምንወደውም አለ። ሁለት ሰዎች አንዱ 2 ሌላው 5 ሰጥተው ሲጨቃጨቁ፣ አንዱ ስለ ራሱ ደስታ፣ ሌላው ስለ ዳይሬክተሩ ችሎታ እያወራ ሊሆን ይችላል።

የመወያያው ቦታም ረዥም ምክንያት አያበረታታም። አይኤምዲቢ በ2017 የመወያያ ሰሌዳዎቹን ዘግቷል። አዳዲሶቹ መድረኮች ላይ ቶሎ ከፍ የሚለው በአንድ መስመር የተጻፈ ቀልድ ነው። ቀልዱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ፊልሙን ላላየ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። በዚህ በዋናነት የሚጎዱት ትንንሽ ፊልሞች ናቸው። ትልቁ ፊልም ማስታወቂያ አለው። ትንሹ ያለው አንድ ሰው ለሌላው «ይህን እይ፣ ምክንያቱም…» የሚለው ቃል ብቻ ነው። «ምክንያቱም» ከቀረ ምንም አልቀረለትም።

ምክንያቱ የተጻፈ አስተያየት ሌላም ጥቅም አለው። ከጸሐፊው ጋር ባንስማማም ይሠራል። አንድ ሰው «ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ሰዎቹ አያወሩም፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አልሆነም» ብሎ 1 ኮከብ ቢሰጥ፣ ዝግ ያለና ጸጥ ያለ ፊልም የሚወድ አንባቢ ያንን አንብቦ የዚያኑ ማታ ፊልሙን ይከፍተዋል።